ሽማግሌ የተላከበት ጉልበት

«ከይሪያ፣ ልጁን ትሰጪናለሽ ወይስ አትሰጪንም?» አሉኝ ሼህ ኢብራሂም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመጣው ሴት ልጅ ላለው ቤት ነው። እኔ ያለኝ ወንድ ነው፤ ሙአዝ፣ የባሮ ኮከብ እግር ኳስ ክለብ ተከላካይ። ሽማግሌ የላከብኝም ክለቡ ነው።

ዓመቱ ሲጀመር ቡድኑ ደህና ነበር። ከዚያ አጥቂው ኦጆት ቁርጭምጭሚቱ ዞረበት፤ ጎል የሚያገባ ጠፋ። በረኛው ሪክ ትከሻው ወለቀ፤ የሚገባብን በዛ። የተረፉት ያለ ዕረፍት ሲጫወቱ እነሱም በየተራ ይጎዱ ጀመር። ፊደል መማር ከጀመርኩ ወዲህ የየጨዋታውን አሰላለፍ ከስልክ ላይ ራሴ ነበር የማነበው። የማውቀው ስም በየሳምንቱ ይቀንሳል፤ የሙአዝ ግን አይጠፋም። መጀመሪያ ስሙን ሳገኝ ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ ባላገኘው ብዬ መመኘት ጀመርኩ።

የሙአዝም ጉልበት አበጠ። ሐኪሙ «ጅማቱ ተጎድቷል፤ ካላረፈ ይበጠሳል» አለን። የቀረው አንድ ጨዋታ ነው፤ ከተሸነፉ ይወርዳሉ፣ ከወረዱ ክለቡ ይፈርሳል ተባለ። አሰልጣኝ ዘገየ የማደንዘዣ መርፌ ተወግቶ ይግባ አለ። እኔ እምቢ ብዬ ልጄን ከተጫዋቾች ካምፕ አወጣሁት፤ ከሱቄ ጀርባ ባለው ክፍል አስተኛሁት።

አሰልጣኙ ሼህ ኢብራሂምንና የኦጆትን አባት ላከብኝ። በሩ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ቤቱ ሌላ በር የለውም። ቀዝቃዛ ለስላሳ አቀረብኩ፤ አልነኩትም።

«መልስ ሳንሰማ አንጠጣም» አሉ ሼሁ።

«ይሞቃል እኮ።»

«ይሙቅ።»

የኦጆት አባት ሳቁ። «የሙአዝ እናት፣ እኔ ለሚስቴ ስሄድ እንኳ እንዲህ አልተቸገርኩም። ለጥሎሽ ዶቃ ስጥ አሉኝ፣ ሰጠሁ፣ አለቀ።»

«የእርስዎ ልጅ እግሩን ሰቅሎ ተኝቷል። የኔ ለምን ይሰበር?»

ሳቃቸው ጠፋ። «ክለቡ ከፈረሰ፣ ኦጆት ቢድን የት ይጫወታል?»

ሙአዝ ከውስጥ «እማ ካለች እገባለሁ፤ ካላለች አልገባም!» ብሎ ጮኸ። እሱም ውሳኔውን እኔው ላይ ጣለው።

ሼህ ኢብራሂም እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲያው ዱዓ እናድርግ። ያ ረቢ፣ የዚህን ልጅ ጉልበት አጽናለት። ከክፉ ነገር ጠብቀው።»

ለዚህ ዝም የምትል እናት የት አለች? «አሚን» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ እሺ አለች!» ብለው ለስላሳውን አነሱ።

«ሼህ፣ እኔ አሚን ያልኩት ለጉልበቱ ነው!»

«እኛስ የመጣነው ለምኑ ነው?»

የኦጆት አባት ወጥተው ለአሰልጣኙ እየደወሉ ነበር። ዱዓ ተደርጎ፣ አሚን ተብሎ፣ ሽማግሌው ጠጥቶ ከተነሳ በኋላ እምቢ ማለት በእኛ ሰፈር የለም። ልጄን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሙአዝ ተወግቶ ገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳስ ለማውጣት ተንሸራተተ፤ በራሱ አልተነሳም። በቃሬዛ ሲያወጡት ሕዝቡ ይጨፍር ነበር። ዜሮ ለዜሮ በቂ ነበር።

ባሮ ኮከብ አልወረደም። ኦጆት ድኖ ለአዲስ አበባ ክለብ ፈረመ፤ ሄደ። አሰልጣኝ ዘገየም ሌላ ቡድን አግኝቶ ሄደ። ሙአዝ እኔ ጋ ቀረ።