የቁጥር ሦስት ፊት

"አትሳቅ አልኩህ እኮ! የቀባሁህ ሁሉ ጉንጭህ ላይ ተጨማደደ።"

የስፖርት ዜና አቅራቢው ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፤ አልሆነለትም። የቴሌቪዥን ጣቢያው የሜካፕ ባለሙያ፣ ባልደረቦቿ "ቀቢዋ" የሚሏት ሴት፣ ሶፍት አጥፋ ግንባሩ ላይ ተጫነችው። ስታነሳው ሶፍቱ ዘይት እንደነካው ጋዜጣ ወዝቶ ነበር። የዚህ ሰውዬ ቆዳ ወዛም ነው፤ የፊት ቀለሙ፣ ፋውንዴሽኑ፣ ከበዛበት ገና ዜናው ሳያልቅ ወደ አገጩ ይሰደዳል። ስለዚህ በስሱ ትቀባዋለች፣ ፓውደር ትነሰንስበታለች፣ ወዙን በሶፍት ታስመጥጥና ታሰናብተዋለች።

"ቀቢት፣ ዛሬ ዋናውን ዜናም እኔ ሳላነብ አልቀርም" አላት በመስታወቱ ውስጥ እያያት። "የአዲሷ ልጅ ፊት መብራት አይቀበልም አሉ።"

"ማነው ያለው?"

"አለቃ ነዋ! ትናንት የሙከራ ቀረጻዋን አይቶ 'ይቺን እግዜር ለሬዲዮ ነው የፈጠራት' አለ። በሳቅ ሞትን።"

ቀቢዋ አልሳቀችም። ዝም አይነቅዝም ብላ ከትናንት ጀምሮ አፏን ዘግታለች፤ ነገሩ ግን ሆዷ ውስጥ መንቀዝ ጀምሯል።

በጣቢያው ያለው ፋውንዴሽን አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ቁጥር ሦስት። ከሁለት ዓመት በፊት ንብረት ክፍል "ባለሙያዋ ትምረጥና ትፈርም" ሲል፣ ቀቢዋ መስኮት በሌለው መጋዘን ውስጥ፣ በነጭ አምፖል ሥር፣ አንዲት ጠብታ እጇ ጀርባ ላይ አሸት አድርጋ "ይሄ ይሆናል" አለችና ፈረመች። ምሳ ሰዓት ደርሶባት ነበር። ሁለት መቶ ጠርሙስ መጣ። ከዚያ ወዲህ ቀዩም፣ ጠይሙም፣ ጥቁሩም የሚቀባው ቁጥር ሦስትን ነው። ተመልካች ሳይቀር እየደወለ "አቅራቢዎቻችሁ በሙሉ እህትና ወንድም ናቸው እንዴ?" ይላል።

የስፖርቱ ሰው ሲወጣ አዲሷ ዜና አንባቢ ገባች። ጠቆር ያለች ጠይም ናት። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ጥርሷን ልትነቀል እንደመጣች ሰው ነው።

"እትዬ፣ ትናንት ፊቴን አይተሽዋል? አመድ ላይ የተንከባለለች አህያ እኮ ነው የመሰልኩት!"

"አይቼዋለሁ።"

"ዛሬም እንደዚያ ከሆንኩ ወደ ሬዲዮ ይመልሱኛል። እናቴ ደግሞ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ቴሌቪዥኑ ፊት ደርድራለች።"

"ተነሺ" አለቻት ቀቢዋ። "ዜናው ሊጀምር አንድ ሰዓት አለን።"

ደረጃው ጋ ወዳለው መስኮት ወሰደቻት። በቀኑ ብርሃን ከመንጋጋዋ ሥር አንድ መስመር ቁጥር ሦስት አሰመረችባት። ፊት የአንዷ፣ አንገት የሌላዋ ሆነ። ቆዳዋንም በጣቷ ዳበሰችው፤ ደረቅ ነው። ትናንት ግን ቅባት ሳታስቀድም፣ ልክ እንደ ስፖርቱ ሰውዬ፣ በፓውደር ደፍናት ነበር። እንደ አሮጌ ግድግዳ ቀለም ቢላላጥ ምን ይገርማል?

ጠቆር ያለ ፋውንዴሽን ያለው ድራማ ክፍል ነው፤ ካርቶኑ ላይ "ለድሃ ገጸ ባሕርያት" ተብሎ ተጽፎበታል። ቀቢዋ አንድ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። መጀመሪያ የልጅቷን ፊት ቅባት ቀባችና ቆዳዋ እስኪጠጣው ጠበቀች። ከዚያ የድሃውን ከቁጥር ሦስት ጋር እያዋሃደች መስኮቱ ጋ ደጋግማ ሞከረች። በአራተኛው መስመሩ ጠፋ። ስፖንጁን አርጥባ ጨመቀችና ሳትፈትግ፣ ጠቅ ጠቅ እያደረገች፣ ከአፍንጫዋ ወደ ዳር አለበሰቻት። ፓውደሩን ከአፍንጫዋ ጫፍ አላሳለፈችውም።

"ራሴን ነው የምመስለው" አለች ልጅቷ፣ ቅሬታ ይሁን ደስታ ባልለየ ድምፅ።

"ሌላ ማንን ልትመስዪ ነበር?"

ስቱዲዮ ገብታ ፊቷ ሞኒተሩ ላይ ሲመጣ ካሜራማኑ ስልኩን አስቀመጠ። ለእሱ ይህ ትልቅ አድናቆት ነው።

ከዜናው ቀጥሎ የውይይት ፕሮግራም የሚመራው ራሱ አለቃው ነው። መጥቶ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። ቀቢዋም እንደ ልማዷ ቁጥር ሦስትን ከቀኝ ጉንጩ ጀመረች።

"አርባ ደቂቃ ፈጀሽባት አሉ" አለ ዓይኑን ጨፍኖ። "ዛሬ ታንብብ። ከነገ ጀምሮ ግን ሬዲዮ ትሂድ። አስቸጋሪ ፊት በየቀኑ ማን ይሸከማል?" ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለ፤ የልጅቷ የሙከራ ጊዜ ግምገማ ነው። "'የሜካፕ ባለሙያ አስተያየት' የምትለው ላይ 'ፊቷ ያስቸግራል' በይና ፈርሚልኝ።"

ስፖንጁ አየር ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ ያስቸገረው ፊቷ አይደለም፤ ጠርሙሱ ነው። ጠርሙሱን የመረጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ መጋዘን ውስጥ፣ በአምፖል፣ ለምሳ እየተቻኮልኩ። ትናንትም ያበላሸኋት እኔው ነኝ።"

አለቃው ዓይኑን ገለጠ። "ሁለት መቶውንም ጠርሙስ?"

"ሁለት መቶውንም።"

"በፊርማሽ?"

"በፊርማዬ።"

"ታዲያ ምን ያስለፈልፍሻል? ይሄ ወረቀት ላይ ከሰፈረ እኮ መጠየቅ አለ፤ እዚህ ክፍል ሌላ ሰው ይገባል። እሷ ሬዲዮዋ ላይ እንጀራዋን ትበላለች፣ አንቺም በሰላም ትቀቢያለሽ። ማን ተጎዳ? በይ ጨርሺኝ፣ ሰባት ደቂቃ ነው የቀረኝ።"

ግድግዳው ላይ ካለው ሞኒተር የልጅቷ ድምፅ ይሰማል፤ መጀመሪያ የነበረው መንቀጥቀጥ ለቋታል። መስታወቱ ውስጥ የአለቃው ቀኝ ጉንጭ በቁጥር ሦስት ፈክቷል፤ ግራው እናቱ እንደወለደችው ጠይም ነው። ቀቢዋ ስፖንጁን አስቀምጣ ወረቀቱን አነሳች።

"ምን ልታደርጊ ነው? ግማሽ ፊቴ እኮ ይቀራል!"

"ጋሼ፣ አንዴ ይጠብቁኝ፤ አጭር ናት።"

እጇን በሶፍት ጠረገችና "ፊቷ አያስቸግርም፤ ፋውንዴሽኑን ተሳስቼ የመረጥኩት እኔ ነኝ" ብላ ጻፈች። ፈረመች። ፊርማዋ እንደማይነበብ ታውቃለችና ስሟን ከነአባቷ፣ በትልልቁ፣ ከሥሩ ጨመረችበት።