ድልድዩ ላይ የተወተፈው ፒካፕ

ወንድሜ ከርት የአባታችንን ፒካፕ የሸጠው አባቴ ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል በተኛበት ሰሞን ነው። እሱንም አላስፈቀደ፣ እኔንም አልጠየቀ። እዚህ ነብራስካ፣ አሸዋማ ኮረብታ ላይ ከብት ለሚያረባ ሰው እንዲህ ያለ ፒካፕ ምን እንደሆነ ከርት አጥቶት አይደለም። ጋቢናው ሁለት ሰው፣ ብትጠጋጉ ሦስት ይይዛል። መስኮቱ በእጅ የሚዞር ነው። ከኋላ ያለው የጭነት ካሶኒው ግን ረጅምና ዝቅ ያለ ስለነበር የታመመ ጥጃ ታቅፌ ሳልንጠራራ አስተኛበት ነበር።

አባቴ ከሆስፒታል በወጣ ቀን ከርት አዲሱን ይዞ መጣ። ኮፈኑ አባቴ አገጭ ላይ ይደርሳል። የኋላ ጎማዎቹ በየጎኑ ሁለት ሁለት ናቸው፤ በላያቸው የጭቃ መከላከያው ፓራፋንጎ ተንዘርጥጦ ወጥቷል። ጋቢናው አምስት ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ሳሎን ነው። ካሶኒው ከዚያ ሁሉ ኋላ እንደ ተቆረጠ ጭራ ቁጢጥ ብሏል።

አባቴ ምርኩዙን ተደግፎ ዞረው።

"የቀረውስ የት አለ?" አለ።

"የቱ የቀረው፣ አባዬ?"

"ካሶኒው ነዋ! ይሄማ ውሻ የሚታጠብበት ገንዳ ነው።"

ከርት ሳቀ። "ጉልበቱን ብታይ እንዲህ አትልም። ቤት ነቅሎ ይጎትታል።"

"ቤታችን የትም አይሄድም። እኔ የምፈልገው ድርቆሽ የሚጭንልኝ ነው።"

ሊሳፈር ሲል እግሩ አልደርስ አለው። እኔና ከርት ከኋላ ገፍተን እንደ ከረጢት አስገባነው። ዕድሜውን ሙሉ ማንም ሳይረዳው መኪና የወጣ ሰው ነው።

ያን በጋ ከርት በዚያ መኪና አንድ እስር ድርቆሽ አልጫነበትም። "ይቧጥጠዋል" ይላል። ካሶኒውን በጥቁር ክዳን ቆልፎበት፣ ውስጡ የሚያስቀምጠው መወልወያ ጨርቅና የቀለም ማብረቂያ ብቻ ነበር። ለከብቶቹ ጨው፣ ለአጥሩ ሽቦ የማመላልሰው እኔ ነኝ፤ ያውም ከጎረቤታችን ከዱዌን እየተዋስኩ። የዱዌን ፒካፕ ትንሽና አሮጌ ነው፣ አንዱ በሩ በገመድ ታስሯል። ከርት ባየው ቁጥር ሳይቀልድበት አያልፍም።

"ዱዌን፣ ይቺን መጫወቻ ለልጅ አትሰጣትም?"

"ልጅ የለኝም። አንተ ልጄ ትሆን እንደሁ ንገረኝ" ይለዋል ዱዌን፣ ሥራውን ሳያቋርጥ።

በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ሣሩ እንደ ወረቀት በደረቀበት ቀን፣ ከማርሊስ ግጦሽ በስተጀርባ መብረቅ ወደቀ። ማርሊስ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ከጅረቱ ማዶ ከላሞቻቸው ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ጭሱን ሁላችንም አየነው። ሰደድ እሳት ሲነሳ ደግሞ ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ እያንዳንዱ ፒካፑ ላይ የውሃ ታንከርና ፓምፕ ጭኖ ይሮጣል።

የኛ ታንከር የከርት ካሶኒ ውስጥ አልገባም።

"የኋላ ስፖንዳውን አውርደው፣ ትርፉ ወደ ውጭ ይውጣና በሰንሰለት እንሰረው" አልኩት።

"ይጎብጥብኛል!"

"ታዲያ ባዶህን ሄደህ ምን ልትሠራ ነው?"

"ቀድሜ ልድረስላቸው" አለና አቧራውን አልብሶን ሄደ። ታንከራችንን ዱዌን ደርሶ በረጅሙ ካሶኒው ላይ ጫነው። አባቴ መሃል፣ እኔ በሩ ላይ ተጨናንቀን ተከተልነው። ሌሎች ጎረቤቶችም ውሃቸውን ይዘው ከኋላችን ደረሱ።

ጅረቱ ላይ ያለው ድልድይ የእንጨት ነው፤ ግራና ቀኙ የብረት አጥር አለው። የአገሩ ፒካፕ ሁሉ ሲያልፍበት ኖሯል። የከርት ግን ፊቱ ከገባ በኋላ እነዚያ ድርብ ጎማዎች ብረቱ መሃል ተወተፉ። ስንደርስ በሩን እንኳ መክፈት አቅቶት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጮሃል።

"ወደ ኋላ መልሰው!" አለው ዱዌን።

"ፓራፋንጎው ይቀደዳል!"

"ይቀደዳ!"

"ቆይ፣ ቆይ፣ በግራ በኩል ስንት ጣት እንደቀረኝ እዩልኝ!"

ከኮረብታው ጀርባ የእሳቱ ድምፅ መሰማት ጀምሯል። አባቴ ከመኪናው ወርዶ፣ ምርኩዙን ሣንቃው ላይ እያንኳኳ እስከ መኪናው ጀርባ ሄደ።

"ከርት" አለው፣ ድምፁን ሳያነሳ። "ማርሊስ እዚያ ማዶ ናቸው።"

"አውቃለሁ፣ አባዬ። ግን ገና አዲስ ነው እኮ!"

አባቴ አላየውም። ወደ ዱዌን ዞሮ "ጎትተህ አውጣው" አለ።

የዱዌን ፒካፕ ብቻውን አልቻለውም። ከኋላው ሌላ ቀጥለው፣ ሁለቱ በሰንሰለት ተያይዘው ጎተቱ። ላሜራው እየተሰነጠቀ ሲወጣ ከርት ቆዳው የተገፈፈ ይመስል ይጮህ ነበር። ወደ ዳር ገፋ አድርገነው ተሻገርን።

ማርሊስን የከብቶቹ ውሃ መጠጫ አጠገብ አገኘናቸው፤ ጆንያ እያራሱ እሳቱን ይመቱታል። ቅንድባቸው ተለብልቧል። ቤታቸውን አዳንነው፤ ላሞቹም ወደ ጅረቱ ሸሽተው ተረፉ። ድርቆሹ ግን፣ የክረምቱ ቀለብ በሙሉ፣ እኛ ድልድዩ ላይ ስንጯጯህ ተያይዞ ነበር።

እሳቱ ሲበርድ ከርት ድልድዩን ትቶ በሩቁ፣ በከተማው መንገድ ዞሮ መጣ። ግቢያቸው መሃል መኪናውን አቁሞ፣ ቁጢጥ ብሎ የተቀደደውን በጣቱ ይዳብሳል። ማርሊስ ፊታቸው በጥላሸት እንደተሸፈነ ቀረብ አሉት።

"ተጎዳህ እንዴ፣ ልጄ?"

"ፓራፋንጎው ነው" አላቸው። ቀና እንኳ አላለም።

ዘወር ብዬ ተፋሁ።

በረዶ ሣሩን በሚሸፍንበት አገር ያለ ድርቆሽ ክረምት አይወጣም። ማርሊስ ላሞቻቸውን ሸጠው ከተማ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ሆነ። ዕቃቸው የሚጫን ቀን ከርትም በዚያው በከተማው በኩል ዞሮ መጣ፤ መኪናው ፓራፋንጎው ተቀይሮ፣ ታጥቦ፣ ፀሐዩን እየመለሰ። ለሚያገኘው ሁሉ እሳቱ ጋ መጀመሪያ የደረሰው እሱ እንደነበር ያወራል። እኔና ዱዌን የብረት ምድጃቸውን ተሸክመን ስንወጣ ክዳኑን ከፈተና "አንዴ ቆዩ፣ ስር የሚነጠፍ ብርድ ልብስ አምጡ፤ ቀለሙን እንዳይነካው" አለ።

እኛም ምድጃውን እንደያዝን ቆምን። ማርሊስ ከደጃፉ አዩት።

"ተወው፣ ልጄ። የዱዌን ይበቃኛል።"

የዱዌን ፒካፕ ላይ ምድጃውም፣ አልጋውም፣ ወንበሮቹም ገቡ። ማርሊስ ጋቢና ተቀመጡ። አባቴ ካሶኒው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና እግሩን አንስቶ ገባ፤ ማንም አልደገፈውም። ከአንዱ ወንበር ላይ ተመቻቸ።

"አባዬ፣ ና እዚህ፤ መቀመጫው ይሞቃል!" አለው ከርት።

አባቴ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ሳብ አደረገ። እኔም አጠገቡ ወጥቼ አልጋውን ያዝኩ። ከርት ባዶውን፣ መብራቱን ፊታችን ላይ ቦግ አድርጎ፣ እስከ ከተማ ተከተለን።