ምሰሶው ጋ ያለው ወንበር

እናትየው በመጠጥ ቤቱ በር ሦስት ጊዜ አለፈች። ሦስቱንም ጊዜ የሰዓት ሠሪው ሱቅ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ከበሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ፊደል በፊደል አንብባዋለች፤ በቦርሳዋ የያዘችው ደብዳቤ ላይ ያለው ስም ነው፣ ስህተት የለውም። ያስቸገራት ማንበቡ ሳይሆን እግሯ ነው። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱን እንዳጨማደደ ነው፤ ካፊያው ነጠላዋን አረጠበው። ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ፣ ደጃፍ ላይ ደርሳ፣ እግሯ እምቢ አላት።

የፈራችው ልጇን ነው።

ልጁ ከቤት የወጣው ከአራት ዓመት በፊት ነበር። አባቱ የእንጨት መጋዘን ውስጥ ዕቃ አስረካቢ ነበር፤ ልጁን አጠገቡ ሊያሠራ አስቦ ነበር። ልጁ ግን ቤዝ ጊታር ገዝቶ ወደ ከተማ ሄደ። "እኔ እንጨት ተሸክሜ አሳደግሁት፤ እሱ ሽቦ የታሰረበት እንጨት አቅፎ ሰካራም ሊያስጨፍር ሄደ!" ይል ነበር አባትየው፣ ለጎረቤቱም ለመንገደኛውም።

ከዚያ ደብዳቤ መምጣት ጀመረ። የሚመጣው በመጋዘኑ አድራሻ ነው። አባትየው ይዞት ይገባና መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ ያነብላታል። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት አንሶላ ስታጥብ፣ አንሶላው ጠርዝ ላይ የተጻፈውን እንኳ በመልኩ እንጂ በንባብ አታውቀውም ነበር።

"ደህና ነኝ ይላል። ሥራ በዝቶብኛል፣ እኔው እስክመጣ ድረስ እንዳትመጡ ይላል።"

"ሌላስ? ስለ እኔ ምንም አላለም?"

"ሰላም በሏት ብሏል።"

"በቃ? ወረቀቱ ሙሉ አይደል እንዴ?"

"ጽሕፈቱ ትልልቅ ነው። ወንድ ልጅ ምን እንዲልሽ ነው የፈለግሽው?"

"እንግዲያው ናፍቀኸኛል ብላለች በልልኝ።"

"እሺ፣ እሺ፣ እላለሁ።" ደግሞ ይጽፋል፤ እስክሪብቶው ሲሄድ አይታዋለች።

አምና አባትየው ጣውላ ሲያስቆጥር ልቡ ቆመ። ልጁ ለቀብር መጥቶ አስከሬኑን ከፊት ተሸክሞ ሄደ፤ ከማንም በላይ አለቀሰ። እሷን ግን ቀና ብሎ አላያትም፤ በዚያው ቀን ሄደ። ሐዘን ነው ብላ አለፈችው።

ሐዘኑ ሲበረታባት ሆስፒታሉ ለሠራተኞቹ የከፈተው የንባብ ትምህርት ገባች። ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ እሷ ነበረች። እርሳሷን እንደ ልብስ መምቻ ጨብጣ ስለምትጽፍ ወረቀቱ ከጀርባው ይቦረቦራል። አስተማሪዋ ትስቅባታለች፦ "እማማ፣ ወረቀት እኮ ነው፣ ማሳ አይደለም! ለምን ያርሱታል?" እሷም ትስቃለች፤ ግን ቀለል አድርጋ መጻፍ አልሆነላትም።

ትምህርቱን በጀመረች በስምንተኛው ወር የሟቹን የመሣሪያ ሣጥን ስታጸዳ፣ ከሜትሩና ከምስማሩ ሥር ሰባቱን ደብዳቤዎች አገኘች። ምን እንደሚሉ ታውቃለች፤ ተነብቦላታል። ለልምምድ ይሆኑኛል ብላ የመጀመሪያውን ከፈተች። አንዷን ገጽ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጀባት።

"እማ፣ እሁድ እሁድ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ እንጫወታለን። ነይና ስሚኝ። ምሰሶው ጋ አንድ ወንበር አለ፤ ኮቴን ጣል አድርጌበት እይዝልሻለሁ።"

ተሳስቼ ይሆናል ብላ እንደገና ከላይ ጀመረች። አልተሳሳተችም። ሁለተኛው "ለምን ቀረሽ?" ይላል። ሦስተኛው "ወንበሩ አሁንም አለ" ይላል። ሰባተኛው አጭር ነው፦ "እማ፣ መጠጥ ቤት ደጃፍ አልረግጥም፣ እንዲህ ያለ ልጅም የለኝም ማለትሽን አባዬ ጻፈልኝ። ከእንግዲህ አላስቸግርሽም። እሱ እንኳ ስላልተወኝ ተመስገን ነው።"

እንኳን ልትለው አስባውም አታውቅም። መሬቱ ላይ ከሣጥኑ አጠገብ ቁጭ አለች፤ ሻይዋ እሳት ላይ ተንተክትኮ እስኪያልቅ ድረስ አልተነሣችም።

ዛሬ፣ እሁድ፣ ደብዳቤዎቹን በቦርሳዋ ይዛ የመጣችው ለዚህ ነው። በአራተኛው ጊዜ እግሯ እሺ አላት፤ ገባች።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው ከስምንት አይበልጥም። ጣሪያው በጭስ ጠቁሯል፣ መስኮቱ በትንፋሽ ተሸፍኗል። ጥግ ላይ አንድ ክንድ ከፍ ያለ የእንጨት መድረክ አለ። እዚያ ላይ አራት ሰዎች ይጫወታሉ፦ ከበሮ መቺ፣ አኮርዲዮን የያዘች ወፍራም ሴት፣ ከድምፁ ጉልበት የተነሣ ጡሩምባ የሚሉት ዘፋኝ፣ ከኋላ ደግሞ አንገቱን የደፋ ልጇ። ከስቷል። የቤዙ ድምፅ ከጆሮዋ በፊት በጫማዋ ገባ፤ ወለሉ ይንቀጠቀጣል።

ምሰሶውን ፈለገችው፤ አገኘችው። ወንበሩም አለ። ላዩ ላይ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ገመድና የጊታር ማኅደር ተቆልሎበታል።

"እዚህ መቀመጥ ይቻላል?" አለቻት አስተናጋጇን።

"እሱ እንኳ የዕቃ ማስቀመጫ ነው እማማ።" አስተናጋጇ ግን ፊቷን አይታ አዘነችላትና ገመዱንም ማኅደሩንም ወደ መሬት አወረደችው። "ድሮ ባለ ቤዙ ኮቱን ጣል ያደርግበት ነበር። ሰው ይመጣል እያለ ማንንም አያስቀምጥም። ስንት ደንበኛ ተጣልቶብናል! አሁን ትቶታል። ምን ላምጣልዎ?"

"ለስላሳ።"

በአጠገቧ ጠረጴዛ አንድ ጡረተኛ ብርጭቆውን አቅፎ ተቀምጧል። "ለስላሳ? እህቴ፣ እዚህ ቤት ለስላሳ የሚጠጣ ወይ ሾፌር ነው ወይ ሰላይ" አላት። ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ አልታዘዛትም።

ልጇ ቀና አላለም። ብትጠራው ድምፅዋ አይደርስም፤ ቢደርስም ምን ብላ ትጀምር? አስተናጋጇ ለስላሳውን ስታመጣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ለመድረኩ የሚሉት ካለ ይጻፉበት፤ እኔ አደርሳለሁ።"

"ለባለ ቤዙም ይደርሳል?"

"ይደርሳል፣ ይደርሳል" አለች አስተናጋጇ፣ ሌላ ጠረጴዛ እየጠራት።

እናትየው እንደ ፖስታ ቤት መሰላት። እርሳሷን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ጫፉ ላይ ላጲስ ያለበት የክፍሏ እርሳስ ነው። ክንዷን እንደ አጥር አድርጋ ወረቀቱን ከልላ ጻፈች። ሁለት ዘፈን አለፈ። የጻፈችው ይህ ነው፦

"ልጄ። አባትህ ደብዳቤህን በውሸት አነበበልኝ። አልመጣም አላልኩም። መጥቻለሁ። እናትህ።"

አስተናጋጇ ወረቀቷን ከሌሎቹ ጋር ሰብስባ መድረኩ ጠርዝ ላይ ያለ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተችው። እናትየው ልቧ እንደ ማጠቢያ ማሽን ይዞራል። አሁን ያነበዋል፤ አሁን ቀና ይላል፤ አሁን ያውቃል።

ዘፈኑ አለቀ። ጡሩምባ ቆርቆሮውን አንሥቶ ወረቀት አወጣና በድምፅ ማጉያው ለቤቱ ሁሉ አነበበ፦ "'አማቴ ዛሬ ጠዋት ወደ አገሯ ስለሄደች ደስ የሚል ዘፈን ይሁንልኝ።' እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! ስምህን ያልጻፍከው ግን ትመለሳለች ብለህ ነው?"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እናትየው ግን አሁን ገና ገባት። ደብዳቤ አይደለም ለካ። የዘፈን ምርጫ ነው፤ ለሰው ሁሉ የሚነበብ። የሟች ባሏ ነውር አሁን በዚህ ሁሉ ጠጪ ፊት፣ በዚህ ሁሉ ሳቅ መሃል ሊነበብ ነው። ልጇም የአባቱን ጉድ የሚሰማው እንዲህ ነው።

ብድግ አለች።

"ይኸው!" አለ ጡረተኛው። "ሰላይ መስላኝ ነበር፣ ለካ ጨፋሪ ናት! አጨብጭቡላት!" ሰዉም አጨበጨበ። በጭብጨባው መሃል፣ እርጥብ ነጠላዋን እየጎተተች መድረኩ ጋ ደረሰች።

"ምን ልታዘዝ እናቴ?" አለ ጡሩምባ።

"ወረቀቴን። ተሳስቼ ነው።"

"ምርጫ መቀየር ነው? የፈለጉትን ይቀይሩ፤ እኛ የምናውቀው አምስት ዘፈን ብቻ ነው!" ደግሞ ሳቅ።

ቆርቆሮውን ዘቅዝቃ ወረቀቷን ስትፈልግ ልጇ ቀና አለ። ተያዩ። ፊቱ ላይ ቁጣም ደስታም አልነበረም፤ በሩን የዘጋ ቤት ይመስላል። ወዲያው ዓይኑን ወደ ጊታሩ መለሰና የጠበቀ ክር ያጠብቅ ጀመር።

ወንበሯ ላይ ተመልሳ ወረቀቱን እያየች ተቀመጠች። በእጁ ልሰጠው እችላለሁ፣ አለች በልቧ። ደብዳቤዎቹም አሉኝ። እውነት ነው፤ እውነቴን ነው። ባሏን ከመቃብር አውጥታ ደረቱን ብትደበድበው ደስ ባላት። ሦስት ዓመት! ልጄን ሦስት ዓመት ከልክሎኝ ከአጠገቤ ሲያንኮራፋ ኖረ! ግን "እሱ እንኳ ስላልተወኝ ተመስገን ነው" የሚለው መስመር ዓይኗ ላይ ተለጠፈ። ይህ ልጅ በሁለት ወላጅ ተወልዶ አንዱ ብቻ ነው የተረፈው። ያም አፈር ገብቷል። አሁን እሷ መጥታ እሱንም ልትቀማው ነው? አንድን ሰው ሁለቴ አይቀብሩትም፤ በተለይ ልጁ ተሸክሞት ከሆነ።

እርሳሷን ገለበጠች። "አባትህ ደብዳቤህን በውሸት አነበበልኝ። አልመጣም አላልኩም" የሚለውን በላጲሱ ፈገፈገችው፤ ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ። ፍርፋሪውን እፍ አለችና ለአስተናጋጇ መልሳ ሰጠቻት።

ከሁለት ዘፈን በኋላ ጡሩምባ አነበበው፦ "'ልጄ። መጥቻለሁ። እናትህ።'" ድምፁ መጨረሻው ላይ ዝቅ አለ። የሚቀልድበት አጣ። "የማን እናት ናት?"

ሰዉ ዞር ዞር እያለ ፈለጋት። ከኋላ፣ ያለ ማጉያ፣ "የኔ ናት" አለ ባለ ቤዙ። ሰዉ ሲያጨበጭብ እሱ ጭብጨባው እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ የሚቀጥለውን ዘፈን ብቻውን ጀመረው።

በዕረፍቱ መጥቶ ምሰሶውን ተደግፎ ቆመ። አልተቀመጠም። ወረቀቷ በእጁ ነው።

"ማን ጻፈልሽ?"

"ራሴ። ትምህርት ገብቻለሁ፣ ከሥራ በኋላ።"

"አንቺ?" ለአፍታ ፊቱ ሊፈታ ነበር፤ መለሰው። "ሁለት ዓመት እኮ ነው እማ። ሁለት ዓመት ሙሉ ኮቴን እዚህ ወንበር ላይ ጥዬ በሸሚዝ ተጫውቻለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ? እያወቅሽ ነው የቀረሽው?"

ቃሉ ካፏ ካመለጠ በኋላ ነው ወጥመዱ የገባት። ሃያ ሁለት ዓመት እርጥብ አንሶላ ተሸክማለች፤ እንደዚህች አንዲት ቃል የከበዳት የለም።

"አዎ" አለች።

"ለምን?"

"ሰው... ሰው ምን ይለኛል ብዬ።"

ራሱን ነቀነቀ። "አባዬ ግን ይጽፍልኝ ነበር። 'እናትህን ተዋት፣ እኔ አለሁ' ይለኝ ነበር። መጠጥ ቤት እሱም አይወድም። ግን አልተወኝም።"

ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ሰባቱ ደብዳቤዎች ውስጡ ናቸው። "አባትህ ይወድህ ነበር" አለች። ይኼ ውሸት አልነበረም፤ ያንገበገባትም እሱ ነው።

ልጁ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበው። "እዚህ ጋ ምን ነበር?"

"ተሳስቼ አጥፍቼው ነው። ጀማሪ ነኝ እኮ።"

የተፋቀውን ቦታ በጣቱ ጫፍ ዳበሰው። የጣቱ ጫፍ ከክሩ ብዛት እንደ ተረከዝ ደድሯል፤ የሚሰማው ይመስላል፣ የማይሰማውም ይመስላል። አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

"አውቶቡስ እንዳያመልጥሽ" አለና ወደ መድረኩ ተመለሰ።

ጡረተኛው ሁሉን ሰምቶ ኖሮ ብርጭቆውን ወደ እሷ ገፋ አደረገ። "ትንሽ ቅመሺ እህቴ፤ ለስላሳው አይበቃሽም።" አልፈልግም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ሙዚቃው ጀመረ። የቤዙ ድምፅ በወለሉ በኩል መጥቶ በወንበሩ እግር ወጣ፤ ጀርባዋ ላይ ይሰማታል። ልጇ ለእሷ ብሎ የያዘው ወንበር ይኼ ነው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከዚያ ድንገት ትዝ ያላት ነገር እንባዋን አቆመው።

ላጲስ የሚያጠፋው ጥቁሩን ነው። የታረሰውን አያስተካክልም። አስተማሪዋ ስንት ጊዜ ወረቀቷን ወደ መስኮቱ አዘንብላ "ያጠፉት ሁሉ ይነበባል እኮ እማማ" ብላታለች። ልጇም መኝታ ክፍሉ ገብቶ ያንን ወረቀት አምፖል ሥር ቢያዘነብለው፣ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ፈር ተሰምሮ ይጠብቀዋል።

እንዳያየው እግዜርን ለመነች። ይቅር ይበላትና፣ እንዲያየውም ለመነች። ከሁለቱ የቱን አስበልጣ እንደለመነች ግን ራሷም አላወቀችም፤ አውቶቡሱ እስኪያመልጣት ድረስ ምሰሶው ጋ እንደተቀመጠች ቀረች።