ካሤ ቤቱን ሲያሞቅ

ወለተ ገብርኤል ነጠላዋን አጣፍታ ደሃና ወረዳ ወዳለችው እኅቷ ዘንድ ስትሄድ ለባሏ ለካሤ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ይህ ቤት ካልሞቀ አልመለስም።»

እውነቷን ነው፣ አለ ካሤ። ከአባቱ የወረሰው የእንጨትና የጭቃ ቤት ምርጉ ረግፎ ማገሩ የከሳ በሬ ጎድን መስሏል። የሰቆጣ ንፋስ «ቤቶች!» ሳይል በአንዱ ግድግዳ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሚስቱ በሄደች ማግስት ባዶውን መደብ ሲያይ ሆዱ ባባ። እንድትመለስለት ፈለገ፤ ሌላ ምንም አላማረውም።

ደቦ ጥራ አሉት። ካሤ ደቦ ሊጠራ! ሰው እደጁ ሲደርስ ኮሶ እንደጠጣ ፊቱን የሚያኮማትር፣ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» ሲሉት «እኔን መቼ አመመኝ» የሚል ጉድ ነው። ጎረቤቱን ኪዳኑን እንኳ ዶሮህ ደጄን ጫረች ብሎ ካኮረፈው ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ብቻውን ረገጠ፣ አቦካ፣ መረገ። ከቆርቆሮው ሥር ማዳበሪያ ወጠረ። ቀዳዳ የተባለን ሁሉ ደፈነ፤ መስኮቱንም፣ ጭስ መውጫዋንም አልማራቸው።

ከዚያ በሩን ቀርቅሮ እሳት አነደደ። መሞቁንስ ሞቀ። ጥቂት ቆይቶ ግን ጭሱ መሄጃ ቢያጣ ወደ ካሤ ዞረ። መቀርቀሪያውን በዳበሳ ሲፈልግ ያገኘው ምሰሶውን ነው፤ ያውም በግንባሩ። ያን ጊዜ ኩራቱ ለቀቀውና የኪዳኑን ስም እየጠራ ጮኸ።

ኪዳኑ ዶማ ይዞ ደረሰ፤ መንደሩም ተከተለው። መስኮት የነበረበትን ግድግዳ ንደው ጎትተው አወጡት። ከዚያ ወዲያ ማን ሂዱ ይበላቸው? ያፈረሱትን ሊሠሩ ገሚሱ ጭቃ ረገጠ፣ ሴቶቹ ከየቤታቸው ጠላ አመጡ። የካሤን የጠቆረ ፊት ባዩ ቁጥር በሳቅ ይፈርሳሉ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ እሱም ሳቀ።

ለካ አንዱ ወሬኛ ካሤ ነደደ ብሎ ደሃና ደውሏል። ወለተ ገብርኤል በማግስቱ እያለቀሰች ስትደርስ ቤቱ በሰው ግጥም ብሏል፤ ጭቃው ገና እየቦካ ስለሆነ ግድግዳው እንደተናደ ነው፣ ንፋሱም እንደ ልማዱ ይገባል። ካሤ በእፍረት ብድግ አለ።

«ገና ነው» አላት፤ «ቀዳዳው አልተደፈነም። አልሞቀም።»

ኪዳኑ መደቡ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀመጠች።

«ሞቋል እንጂ» አለችው። «እኔ መቼ ስለ ግድግዳ አነሣሁ?»