ማኅተም ያለው ስድብ

ፈንታ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ በሰፈራ ከወሎ የመጣና ባምባሲ አጠገብ አርባ ዓመት የኖረ ገበሬ ነው። ጎረቤቱ ገቢሳ፣ ላሙ የፈንታን በቆሎ ስትበላ ብትያዝበት፣ ጥፋቱ የራሱ ሆኖ ሳለ ተቆጥቶ «አንተ ሰፋሪ!» አለው። ፈንታ ሌባ ቢባል በምስክር ያስተባብላል፤ እውነት የሆነን ስድብ ግን በምን ያስተባብሉታል? ስለዚህ ቃሉ ዳግመኛ እንዳይነገርበት ለመንደሩ የሰላም ኮሚቴ አቤት አለ።

ሰብሳቢው አቶ ሰራዊት መነጽራቸውን አስተካክለው በሕዝብ ፊት ውሳኔውን አነበቡ፦ «ተከሳሽ ገቢሳ፣ የመንደራችንን ሰፋሪ አቶ ፈንታን ሰፋሪ ብሎ በመሳደቡ ጥፋተኛ ነው፤ ይቅርታ ይጠይቅ።»

ሕዝቡ ሳቁን በጋቢው አፈነ።

«ጋሼ ሰራዊት፣ እርስዎም ደገሙልኝ እኮ! ይፋቅልኝ» አለ ፈንታ።

«ልጄ፣ የእኔ ከመዝገብ የተገለበጠ ነው፤ ማኅተምም አለው። ማኅተም ያለው ቃል ስድብ አይባልም።»

ገቢሳ ይቅርታ ሊጠይቅ ተነሥቶ ነበር። ፈንታ ክንዱን ይዞ መልሶ አስቀመጠው።

«ተቀመጥ ወንድሜ» አለው፤ «አንተስ ተናድደህ ነው። አሁን የምከሰው ጋሼን ነው።»