ጎኑ ላይ የተሰመረው

«እስቲ ስጪኝ፣ ልስቀለው» አለች የሟች እህት። ሚስቲቱ ኮቱን ከጭኗ አላነሳችም። ለቅሶ ደራሹ የተቀመጠው እዚያው ልብስ መስፊያው ክፍል ውስጥ ነው፤ ቤቱ ሌላ ሰፊ ክፍል የለውም። ኮቱን ሟች ለራሱ ጀምሮት ነበር፤ የጠመኔው መስመር አሁንም አለ።

ጠመኔ ማጥፋት የእሷ ሥራ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሰፈሩ ጋሽ ሜትር የሚለው ባሏ ሲሰፋ እሷ መስመሩን በብሩሽ አራግፋ ታስረክባለች።

አምና ውስጥ እግሩ ላይ ጥቁር ነጥብ ሲወጣ «የማሽኑ ፔዳል ነው» ብለው ናቁት። የቆዳ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ የዳሌው አጥንት ደርሶ ነበር። ሐኪሙ ሁለት ሕክምና አንድ ላይ አዘዘ፤ ዳሌው ላይ ጨረር፣ በየሦስት ሳምንቱ ደግሞ የሰውነቱን መከላከያ የሚቀሰቅስ መድኃኒት በክንዱ።

«ጨረሩ የበሽታውን ስፌት ይተረትረዋል፤ መድኃኒቱ ደሜን ‹ጠላትህ ይኸውልህ› ይለዋል» እያለ ለጠያቂ ሁሉ ያስረዳ ነበር። ሁለት ወር ተሻለው። ኮቱን የጀመረው ያኔ ነው።

ሕክምናው ሲጀመር ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ጎኑ ላይ በቀለም አሰምረውለት ነበር። «ሰው ላይ ሳሰምር ኖሬ ተራዬ ደረሰ» ብሎ ሳቀ። ቦታውን ሳሙና እንዳይነካው ተብሎ ነበር። እሷ ግን በሦስተኛው ቀን ገላውን ስታጥበው እጇ ለምዶባት መስመሩን ፈትጋ አጠፋችው። ዓይኑ ተጨፍኖ ስለነበር የተኛ መሰላት። ደነገጠች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። ሕክምናው በተጀመረ በአምስተኛው ወር ሲሞት፣ የገደልኩት እኔ ነኝ አለች በሆዷ።

ከሰዓት የጨረር ክፍሏ ባለሙያ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ሚስቲቱ አጠገቧ አስቀምጣ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«መስመሩ ቢጠፋ ጨረሩ ይስታል?»

«ኧረ እናቴ፣ ከምስሉ አይተን መልሰን እናሰምራለን። ጋሼም አንዴ አጥፍተውት መጥተው ነበር። ጨረሩ አንድ ቀን እንኳ አላመለጣቸውም።»

«እሱ ነው ያጠፋው?»

«‹በሳሙና ያሸሁት እኔ ነኝ፣ እኔን ተቆጡ› አሉን። ለቤተሰብ እንዳንናገርም ለመኑን።» ልጅቷ ወደ ሚስቲቱ ጠጋ አለች። «ሕክምናው አንዳንዱን ሰው ዓመታት ያቆየዋል። የሳቸው በሽታ ግን ጉበት ከገባ በኋላ እምቢ አለን።»

አልተኛም ነበር ማለት ነው። ሚስቲቱ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ሰዉ ሳሳ ሲል የሟች እህት ብሩሹን አቀበለቻት። «በይ አራግፊውና ይሰቀል።»

ብሩሹን ተቀብላ መሳቢያው ውስጥ ከታ ዘጋችበት። ኮቱን ከነመስመሩ ሰቀለችው።