ከመታመሟ ሁለት ሳምንት በፊት

ጥሩሐረግ እናቷን ሸጌን ከአበርገሌ ይዛ ሰቆጣ ሆስፒታል የደረሰችው ጧት ነበር። ሳንባ ምች ነው ተባለ። ሸጌን ፅኑ ሕሙማን ክፍል አስገብተው ኦክስጅን አደረጉላት፤ ጥሩሐረግ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች።

ጥቂት ቆይቶ ነርሱ ምንይሉ ቅጽ ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። እናቷ ከመታመማቸው ሁለት ሳምንት በፊት ራሳቸው ይለብሱ፣ ውኃ ይቀዱ፣ ገበያ ይሄዱ እንደነበር ጠየቃት።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ታውቀዋለች። ሴፍቲኔት የሚመዘግቡትም ወረቀት ይዘው እየመጡ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ጠንካራ ነኝ ያለ አካፋ ይዞ እርከን ሥራ ይወጣል፤ ደካማ የተባለ ቤቱ ተቀምጦ እህሉን ይቀበላል። እናቷም ከደካሞቹ ጋር ነው የተመዘገበችው።

«ከአልጋ ካልወረደች ዓመቷ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ነኝ የማጎርሳት።»

ቅጹ ላይ ቆመው ከሚሄዱት ጀምሮ እስከተኙት ድረስ የሰው ሥዕል ተደርድሯል። ምንይሉ ከመጨረሻዎቹ አንዱን አከበበ። ጥሩሐረግ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ገና ዓመቷ ነው፤ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ፊደል በፊደል አነበበችው። «በሁሉም ነገር የሰው እርዳታ የሚፈልግ» ይላል። ወረቀቱ ለምን እንደሆነ ጠየቀችው።

ምንይሉ ረጋ ብሎ አስረዳት። ትንፋሻቸው ከባሰ የመተንፈሻ ማሽን ይደረግላቸው ወይስ አይደረግላቸው የሚለውን የክፍሉ ዶክተር መወሰን አለባት። ማሽኑ ራሱ ሰውነት ይፈትናል፤ ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ትርፉ ሥቃይ ነው።

ጥሩሐረግ የተከበበውን ሥዕል ዳግም አየችው። እውነቱን ብትናገር የእናቷ ስም ከቀበሌው የሴፍቲኔት መዝገብ ይፋቃል፣ እህሉም ይቀራል። እህሉን አሰበችው፤ ግን ብዙም አላሰበችው።

«ወንድሜ፣ ዋሽቼሃለሁ።»

ብዕሩን አነሳ። «እውነቱ የቱ ነው?»

«የዛሬ ሁለት ሳምንት ሁለት ፍየል እየነዳች ኒሯቅ ገበያ ሄዳ፣ ሸጣ፣ በእግሯ ተመለሰች። እኔ ወደ ኋላ ስቀር ‹የደረሰች እርጉዝ ይመስል ምን ያንፏቅቅሻል› እያለች ትሰድበኛለች።»

ምንይሉ ሳቁ አመለጠው። ግን እንዲሁ አላመናትም። ውኃው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ማን እንደሚቀዳ፣ ዳገቱን ስንቴ አርፈው እንደሚወጡት ጠየቃት። ሳታመነታ መለሰችለት። ለምን እንደዋሸችም ሳትደብቅ ነገረችው። ይህ ወረቀት ቀበሌ እንደማይሄድ ነግሯት የመጀመሪያውን ክብ ሰረዘና ላይኛው ረድፍ ላይ ሌላ አከበበ። ጥሩሐረግ ጎንበስ ብላ እሱንም አነበበችው።

ሊሄድ ሲነሳ እጅጌውን ያዘችው። «ዕድሜዋንም አስተካክልልኝ። ካርድ ስናወጣ ሰማንያ ብዬ ያስመዘገብኩት ስድሳ ስምንት ነው።»

ምንይሉ ቅጹን ይዞ ገባ። ሲመለስ፣ ዶክተሯ ማሽኑን ከአልጋቸው አጠገብ እንዳስቆመችው፣ ካስፈለጋቸውም እንደሚደረግላቸው ነገራት። ጥሩሐረግ ነጠላዋን አስተካክላ ገብታ ማየት ይፈቀድላት እንደሆነ ጠየቀችው።